ግራ የገባው ጆሮ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 6

ይህ ደብተር የተገዛው ለኢርፎን ነው። እኅቴ ፋቢዮላ ከወረቀት መሸጫው ይዤው ስገባ አይታ "ኑዛዜ ልትጽፊ ነው? ምን አለሽና?" ስላለች ከመጀመሪያው ገጽ ግልጽ ላድርገው። በየሳምንቱ የምፈትናቸውን የጆሮ ማዳመጫዎች ውጤት እመዘግብበታለሁ። ድምፁ፣ ምቾቱ፣ ዕድሜው። ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ ምንም አይገባበትም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሬዲዮ ጣቢያችን ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጬ ድምፅ ስቆጣጠር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ጣቢያው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ፤ ሕዝቡ ኢርፎን ሲገዛ እንዳይታለል እንድመክር። ዶራሊስ የሚለውን ስሜን በከተማችን በኢባጌ ግማሹ ሰው አያውቀውም። "ጆሮዋ" ካሉ ግን እኔን ነው።

የዛሬው፦ ነጩ፣ ከጊልዳርዶ ሱቅ። (ጊልዳርዶ ሦስተኛው መንገድ ላይ መተላለፊያው ውስጥ ስልክና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። የምፈትነውን የሚያውሰኝ እሱ ነው።) ድምፁ ንጹሕ፣ ቤዙ ደረት አይደበድብም። ምቾቱ ደህና፤ የበቆሎ ቂጣችንን አሬፓ ሳኝክ አልወለቀም። ግን ግራው ይደክማል።

የምፈትነው ራሴ ከሃያ ዓመት በፊት በቀረጽኩት የሁለት ወንድማማቾች ጨዋታ ነው። በቀኝ ጊታር፣ በግራ ቲፕሌ። ቲፕሌ አሥራ ሁለት ክር ያላት ትንሽ ጊታር ናት፤ ስትመታ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ትመስላለች። በነጩ ኢርፎን ካፊያ ሆነችብኝ። ይመለሳል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

መለስኩለት። ጊልዳርዶ ኢርፎኑን በመሀረቡ ጠርጎ ጆሮው ውስጥ ከተተና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ገልጦ አየኝ። እንደገና ጨፈነ።

"እንዴት ነው?" አልኩት።

"ዶኛ ዶራ፣ እርስዎ ደክሟል ካሉ ደክሟል።"

ሌላ ሳጥን አወረደልኝ። ከላዩ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ የአይብ ዳቦ፣ ገና ትኩስ። ነጋዴ ያለ ምክንያት ዳቦ አይሰጥም፤ ፍርዴን ሊያለሰልስ ነው። ዳቦውን በላሁት። ፍርዴ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

ሁለተኛውም። ግራው ይደክማል። ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው ይሄ?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

ባቄላው አረረ። በእንፋሎት የሚያበስለው ድስታችን ፉጨቱ ተበላሽቷል። ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ በቀኜ አንዱን ኢርፎን ሰክቼ፣ የሌላውን ጎማ እያጠብኩ ጭሱ መጥቶ ነው የነገረኝ። ፋቢዮላ ከጎናችን ካለው ቤተ ክርስቲያን እየሮጠች ገባች፤ በስድሳ ስምንት ዓመቷ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

"ፉጨቱ እኮ መሠዊያው ድረስ ይሰማል! አባ እንኳ ንባቡን አቋርጠው ዞር አሉ!"

"ፉጨቱ ተበላሽቷል አልኩሽ።"

"ታዲያ አባ ምን ሰምተው ዞሩ?"

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገር ሁሉ ያስተጋባል።

ደግሞ የዘንድሮ ዝናብ ድምፅ የለውም። እንደ ልማዴ በቀኝ ጎኔ ተኝቼ ሌሊቱን ሙሉ ጸጥ ብሎ አደረ፤ ጠዋት በሩን ስከፍት መንገዱ ወንዝ ሆኗል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27

ጊልዳርዶ ለእናቶች ቀን ያስመጣው ዕቃ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ የሚሸጠውን ያህል የሚሸጠው በበዓሉ ሳምንት ነው። ካርቶኖቹ ጣሪያ ነክተዋል። ከሁሉም በፊት አንዱን ሳጥን ራሱ ቀዶ ሰጠኝ።

"ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ሄጄ፣ ራሴ ሰምቼ የመረጥኩት ነው፤" አለ። "እርስዎ ለሰው የሚሉትን ሁሉ እያስታወስኩ።"

ገመድ አልባ፣ ጥቁር፣ ክብ። የፓፓያ ዘር ነው የሚመስለው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ምቾቱ፦ እንዲህ ያለ አላየሁም። ቤት ጠረግኩበት፤ ዳገቱን ወጣሁበት፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጋፋሁበት። ማታ ፋቢዮላ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" እስክትለኝ ጆሮዬ ውስጥ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ለካ ከዘፋኙ ጋር እያንጎራጎርኩ ነበር።

ዕድሜው፦ አንዱ የሸንኮራ ስኳር (ፓኔላ) ሻይ ውስጥ ገባ፤ አጠብኩት፤ ዘፈነ። ሌላውን ፋቢዮላ በነጠላ ጫማዋ ቆመችበት፤ አነሳሁት፤ ዘፈነ። "እኔ የረገጥኩት ነገር ሲነሳ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤" አለች።

ድምፁ፦ ምነው ባልጽፈው። ቀኙ ወርቅ ነው። ግራው...

ለምን ይሄኛውም?

ሐሙስ፣ ሜይ 2

ሱቁ ሄጄ እፊቱ አራት ሳጥን አስከፈትኩት። አራቱንም ሰማኋቸው። አራቱም ግራቸው ይደክማል።

"ጭነቱ በሙሉ ጉድለት አለበት፤" አልኩት።

መሰላሉ ላይ ወጥቶ ከመደርደሪያው ጀርባ ዕቃ ያስተካክል ጀመር።

"ቅዳሜ ምን ልበል?" አልኩት ጮክ ብዬ።

"የሰሙትን ይበሉ፤" አለ። "ያልሰሙትን ተናግረው አያውቁም።"

ከዚያ እዚያው መሰላሉ ላይ እንዳለ፣ በግራዬ በኩል፣ ደግሞ አንድ ነገር አጉረመረመ። ስለ ዋጋ መሰለኝ። "ይሁን፣ ይሁን፤" አልኩት፤ ለመሄድ ቸኩዬ ነበር። ሲወርድ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። የዋጋ ነገር ሲነሳ ነጋዴ ፊቱ ይቀላል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 4

ተናገርኩ። አቅራቢው ዊልማር በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሁሉን የሚያውቅ ልጅ ነው፤ በአየር ላይ እንዳለን ሁለት ጊዜ "እርግጠኛ ነዎት፣ ዶኛ ዶራ?" አለኝ።

"ጆሮዬን ነው የምትጠራጠረው?"

"ኧረ እኔ ማን ነኝ!"

ድምፁን ከአሥር አምስት፣ ምቾቱን አሥር፣ ዕድሜውን አሥር ሰጠሁ። "ግራው ስለሚደክም ግን ለእናቶቻችሁ አትግዙ፤ እናት በግማሽ አትሰማም፤" አልኩ። ዐረፍተ ነገሩን ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጊልዳርዶ ጥሩ ሰው ነው። ግን ጥሩ ሰው ብለን ዝም ብንል "ጆሮዋ" መባሌ ምን ሊረባ ነው?

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ሴቶች።

"መለስኩት እኔማ። በእውነትም ግራው ይደክማል።"

"አንቺ ቀድሞ ሰምተሽው ነበር?"

"አልሰማሁም። ጆሮዋ ከተናገረች በኋላ ነው የሰማሁት።"

መተላለፊያው ውስጥ በጊልዳርዶ ሱቅ በር ሰው ሳጥን ይዞ ተሰልፏል። የሚገዛ መስሎኝ ነበር። በሌላኛው በር ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ያጠፋሁት ነገር የለም።

እሑድ፣ ሜይ 12

የእናቶች ቀን። እኔም ፋቢዮላም ልጅ የለንም፤ ቢሆንም በየዓመቱ ሌቾና፣ በአተር ተሞልቶ የተጠበሰ አሳማ፣ እናስመጣለን። ጊልዳርዶም በየዓመቱ የአሳማውን ቆዳ ለብቻው ሊበላ ይመጣል። ዘንድሮ ቀረ።

"አኩርፏል፤" አልኳት ፋቢዮላን። "ወንድ ልጅ እውነት አይችልም።"

"አንቺ ትችያለሽ?"

"እኔማ!"

ቆዳው ጠረጴዛው ላይ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

የማይረባ ቀን። ስቱዲዮ ውስጥ የሰጡኝ ማዳመጫ አንድ ጆሮ ብቻ ያለው ነው፤ በግራ ለበስኩት። ዊልማር ከመስታወቱ ማዶ በማዳመጫው "ይጀምሩ" ይላል፣ እኔ ፈገግ ብዬ አየዋለሁ። "ይጀምሩ!" ይላል፣ ፈገግ እላለሁ። ከተማው በሙሉ ዝምታ ሰማ። መጨረሻ ላይ በእጁ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አስጀመረኝ።

ገመዱ ነው። ለቴክኒሽያኑ ነገርኩት። አየውና "እሺ ዶኛ ዶራ፤" አለ። እሺ አባባሉ አልጣመኝም፤ ለሕፃን የሚባል ዓይነት እሺ ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ጥቁሮቹን ኢርፎኖች ልመልስለት ብዬ በአልኮል ጠረግኳቸው። በጣም ስላሸኋቸው ቀኝና ግራ የሚለየው ፊደል ጠፋ። ክብ ስለሆኑ በቅርጽ አይለዩም። እንዲሁ በግምት ከተትኩና ቀረጻውን ከፈትኩ።

ቲፕሌዋ ዘነበች። በቀኝ ጆሮዬ፣ ያቺው ከሃያ ዓመት በፊት የቀረጽኳት፣ እያንዳንዱ ጠብታ።

ጊታሩ ግን ሄደ።

አወጣሁ። ገለበጥኩ። ጊታሩ መጣ፣ ቲፕሌዋ ሄደች። ገለበጥኩ። ሳልመልሰው የቀረውን ሁለተኛውን ኢርፎን ከመሳቢያ አወጣሁ። ገለበጥኩ። አምና የፈተንኩትን አረንጓዴውን። ባለ ገመዱን። የፋቢዮላን።

ሁሉም ተገለበጡ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ኩክ ነው። በቃ የጆሮ ኩክ ነው። ሞቅ ያለ ዘይት።

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ዘይት።

ዓርብ፣ ሜይ 24

ዘይቱ ኩክ የሚባል ነገር አላገኘም፤ ትራሱን ግን አጥፍቶታል። ፋቢዮላ የትራሱን ልብስ ይዛ መጣች።

"ምን እየሆንሽ ነው?"

"ግራ ገብቶኛል።"

"እሱንማ ከገና ጀምሮ አውቀናል፤ ግራሽ ነው።" ቀጥላ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤" አለች። ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን አቆመችና አጠገቤ አልጋው ላይ ተቀመጠች። በቀኜ በኩል። አሁን ሳስበው እኅቴ ስንት ወር ሙሉ በቀኜ በኩል ብቻ ነው የምትቀመጠው።

"ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤" አለች። "ባትሄጂ በሬዲዮ ደውዬ አጋልጥሻለሁ።"

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

የጆሮ ሐኪሟ ዶክተር ዪኔት የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጋችብኝና "ጢጥ ሲል ይህን ይጫኑ፤" አለች። በቀኝ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም። ማሽኑ ቆመ ብዬ በመስታወቱ አየኋት። እጇ እየሠራ ነበር። እየሠራ፣ እየሠራ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያኛው ወገን እኔ ነበርኩ የምቀመጠው።

ወረቀቱን አሳየችኝ። የቀኙ መስመር ሜዳ ነው፤ የግራው ገደል።

"ሥራዎ ምን ነበር?"

ነገርኳት። ማዳመጫውን እንዴት እንደምይዝ ጠየቀችኝ። በግራ ጆሮዬ ላይ እጭነው ነበር፤ ቀኙን ለክፍሉ ሰው ትቼ። ድምፁንም ከፍ አድርጌ።

"ነርቩ ነው። ቀስ በቀስ ለዓመታት ሲደክም ኖሯል። ወደ ቦታው አይመለስም። መሣሪያ ግን ይረዳዎታል።"

"ዋስትናው ስንት ዓመት ነው?" አልኳት። ቀልዴ ነበር። ፋቢዮላ አልሳቀችም። በመንገድ ሁሉ አንዲት የነገር ቃል አልወረወረችብኝም፤ የአሬፓውን ትልቁን ግማሽ ለእኔ ሰጠችኝ። የፈራሁት ያኔ ነው።

ዓርብ፣ ሜይ 31

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ለነገው ዝግጅት ወረቀት ላደርስ ጣቢያው ሄድኩ። ዊልማርና ቴክኒሽያኑ ኮሪደሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመዋል። በቀኜ በኩል ባይሆኑ ኖሮ አልሰማም ነበር። ስሜ ሲነሳ ቆምኩ። ጆሮ ጣል ማድረግ ነውር ነው፤ ለእኔ ግን አሁን ያለችኝ አንዲት ናትና ጣል አደረግኳት።

"...እኔ ራሴ ደውዬለት ነበር፤" ይላል ዊልማር። "'ጊልዳርዶ፣ መጥተህ በአየር መልስ ስጥ፤ ዕቃህ ደህና ነው፣ ከተማው ይስማ' አልኩት። ታውቃለህ ምን እንዳለኝ?"

"ምን አለህ?"

"'ዕቃዬ ደህና ነው ካልኩ፣ የእሷ ጆሮ ታሟል ማለቴ ነው። እኔ እንዲህ አልልም። ኢርፎን ሌላ ጊዜ ይሸጣል።' ከሱቁ ግማሹን ለሌላ ሰው ለቋል እኮ።"

ወረቀቱን ለጥበቃው ሰጥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጁን 1

አልተናገርኩም።

ልናገር ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ማዳመጫውን በቀኜ ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ... ስለ ጎማ መጠን አወራሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ! ትንሽ ጎማ ይወልቃል፣ ትልቅ ጎማ ያቆስላል፣ መካከለኛውን ይሞክሩ፤ በሳምንት አንዴ በለብ ያለ ውሃ ይጠቡ፤ ሲተኙ ያውልቁ። ዊልማር እንኳ አዛጋ።

ፋቢዮላ ስገባ ሬዲዮውን አጥፍታ ጠበቀችኝ። "ስለ ጎማ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ጎማ ፋብሪካ አይከፍትም?" አለች። ነገር ተመልሶላታል። ስድቧ እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም።

ፈሪ ነኝ። "ጆሮዋ" የሚለው ስም ከተወሰደብኝ ምን እንደሚተርፈኝ አላውቅም። ይህን ለማንም አልናገርም፤ ለደብተሩ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ሄድኩ። የሱቁን ግማሽ አንዲት ሴት የስልክ ልብስ ሰቅላበታለች፤ ሮዝ፣ ወርቃማ፣ የጥንቸል ጆሮ ያለው። ጊልዳርዶ በቀረችው ግማሽ ከካርቶኖቹ ጋር ተጣብቆ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ በርጩማውን ለእኔ ለቀቀ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?" አልኩት። ሰላምታም አላቀረብኩ።

ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። "ከዲሴምበር። ከገበያ ሲመጡ በግራዎ በኩል ጠራሁዎት፤ አልፈውኝ ሄዱ። መጀመሪያ የተቀየሙኝ መስሎኝ ሦስት ሳምንት ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳስብ ነበር። በኋላ ለፋቢዮላ ነገርኳት። እሷም በሩ ሲንኳኳ እንደማይሰሙ፣ ቆይታም የድስቱን ነገረችኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

በመሀረቡ ባንኮኒውን ወለወለ። ባንኮኒው ንጹሕ ነበር።

"በየሳምንቱ 'ግራው ይደክማል' ብለው ይመጡ ነበር፤" አለ። "ብነግርዎ ኖሮ በምን ምክንያት ይመጣሉ?"

ነጋዴ መልስ አያጣም። ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። እጄ ግን ያለ ምክንያት ሳጥን ይከፍትና ይዘጋ ነበር።

"የእናቶች ቀን ለምን ቀሩ? ቆዳውን አስቀምጠንልዎት ነበር።"

አሁን ፊቱ እንደዚያን ቀን ቀላ። "ያ ታማል የሚሸጠው ምግብ ቤት ነበርኩ። እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅኩ።"

"ማንን?"

"እርስዎን። መሰላሉ ላይ ሆኜ 'በእናቶች ቀን ምሳ ልጋብዝዎ' አልኩ። 'ይሁን፣ ይሁን' አሉኝ።"

እግዚኦ!

"እንዳልሰሙኝ ጠርጥሬ ነበር፤" አለ ጊልዳርዶ። "ፊት ለፊት ማለቱ ስላቃተኝ ነው በዚያ በኩል ያልኩት። ግን 'ይሁን' ብለዋል። ሰው መቼም ተስፋ ያደርጋል።"

እሱ ታማል ቤት ሲጠብቅ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ "ወንድ ልጅ እውነት አይችልም" እያልኩ ነበር። የጥንቸል ጆሮ ሻጯ ሥራዋን ትታ ታዳምጠናለች። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። የቅዳሜውን ፕሮግራም እንዲሰማ አዘዝኩት። አዎ፣ አዘዝኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ያልኩትን እንደ ወረደ ልጻፈው፤ ፋቢዮላ ስለቀዳችው አሁን ሰማሁት።

"ሜይ 4 ቀን ስለ ጥቁሩ ኢርፎን የሰጠሁት ፍርድ ስሕተት ነው። ግራው አልደከመም። የደከመው የእኔ ግራ ነው። ሐኪም አይታኛለች፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ሻጩ ይህን እያወቀ እኔን ላለማሳፈር ኪሳራውን ዋጠ። ዕቃውን የመለሳችሁ መልሳችሁ ውሰዱ። ድምፁን ከአሥር ዘጠኝ እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ግማሹን ስላልሰማሁት ነው። ይህን ወንበር ለሚሰማ ሰው ብትሰጡትም አልቀየምም።"

ዊልማር ሁሉን የሚያውቀው ልጅ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት፦ "እኔ ግን በእውነት ግራው ደክሞብኝ ነበር የመለስኩት! ታዲያ እኔስ?"

"እመቤቴ፣ ወይ ይመርመሩ፣ ወይ እኔን ማመን ይቀንሱ።"

አንድ ሰውዬ፦ "የባለቤቴ ሁለቱም ጆሮዎች ደህና ናቸው፤ እኔን ግን አትሰማም። የትኛው ኢርፎን ይሻለኛል?"

"የእርስዎ ችግር የኢርፎን ሳይሆን የዘፈኑ ነው፤" አልኩት።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ በአንድ ጆሮ ለሚሰማ የሚሆን አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኳቸው፤ ስልክዎ ውስጥ ሁለቱንም ድምፅ አንድ ላይ የሚያደርግ ቦታ አለ። እንዴት እንደሚደረግ በአየር ላይ እየመራሁ አሠራኋቸው። ሲሳካላቸው "ማሪያም! ጊታሩ መጣ!" ብለው ጮኹ። ወንበሩን ማንም አልወሰደብኝም። ዊልማር በወር አንድ ቅዳሜ ለእንዲህ ያለ ሰው ይሁን ይላል።

በመመለሴ በመተላለፊያው በኩል አለፍኩ። ሰልፍ አለ። በሌላኛው በር አልወጣሁም፤ በመሀል አለፍኩ።

ሐሙስ፣ ጁን 13

የመስሚያ መሣሪያው ተሰጠኝ። እንደ ማንኛውም ዕቃ ፈተንኩት።

ድምፁ፦ ዓለም በሙሉ ሰሃን ያጥባል። ምቾቱ፦ ያሳክካል። ዕድሜው፦ ፋቢዮላ እስክትረግጠው እንጠብቅ።

አንድ ነገር ግን አወቅኩ። እኅቴ ልብስ ስትሰፋ ታጉረመርማለች፤ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየጠራች ነው የምትሰድበው። አባም አልቀሩም።

ሰኞ፣ ጁን 24

የሳን ሁዋን በዓል ሰልፍ። ከተማው ነጭ ለብሶ ቀይ ስካርፍ አስሮ መንገድ ላይ ወጣ። ፋቢዮላ ከጓደኞቿ ጋር በረንዳ ይዛለች፤ "አንቺ ከታች ይሻልሻል፤" ብላ ገፈተረችኝ። ለምን ከታች እንደሚሻለኝ አልነገረችኝም።

ጊልዳርዶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ባለ ጥንቸል ጆሮዋ ሴትዮ ወር ሲያልቅ ወደ ሰፊ ቦታ እንደምትዛወርና ግማሽ ሱቁን እንደምትመልስለት ነገረኝ። ጎን ለጎን ቆምን። ከበሮው ሲቀርብ መሣሪያዬ ራሴን ሊፈልጠው ደረሰ፤ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዳንሰኞቹ ቀሚሳቸውን እያርገበገቡ ሲያልፉ በግራዬ በኩል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ራሴን ልነቀንቅ ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ ነቀነቅኩ? ለስንት ሰው "ይሁን፣ ይሁን" አልኩ?

"አልሰማሁም፤" አልኩት። "በዚህ በኩል ዞረው ይድገሙልኝ።"

ፈራ። ግን ዞረ። በእኔና በከበሮ መቺዎቹ መካከል፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ጥሩንባ ነፊ ገፍቶት ሊወድቅ እየተንገዳገደ፣ በቀኜ መጥቶ ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ተናገረ።

ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። "እርስዎ" አላለኝም፤ ይህን ብቻ ልጻፍ።

ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። ግን እንደገና አስደገምኩት።